ስምንት ጊዜ የተመረቀችው ብርቄ

ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም። እኔም ክፉ ላወራ አይደለም። ብርቄ በሞተች በሁለተኛ ዓመቷ ስምንት ጊዜ ተመረቀች ነው የምለው፤ መመረቅ ደግሞ ክፉ ነገር አይደለም። ስምንቱም በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ስምንቱም በእሸት ቡና አጠባና አደራረቅ፣ ስምንቱም በእኔ እጅ ነው የሆኑት። እሷ በሕይወቷ የቡና ማጠቢያ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ጭቃ ስለምትጠላ ከአስፋልት የምትወርደው ለቀብር ብቻ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ካላስረዳሁ ጤንነቴን ትጠራጠራላችሁ። ካስረዳሁም በኋላ መጠራጠራችሁ አይቀርም። ቢሆንም ልጀምር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ብርቄ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስትሆን ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ተያየን። ባልና ሚስት እንኳ ይህን ያህል ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ ቢያንስ ሲተኙ አንዱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለነበር በተማሪዎቹ ሰርተፍኬት ላይ ስም የምትሞላው እሷ ነበረች። ዛሬ ሐኪምም መሐንዲስም የሆኑ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉት የብርቄን እጅ ነው። እሷ ራሷ ግን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጠች ስለነበረች ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ ዓመቱ ያለፈበት ነው።

አንድ ቀን፣ «ለምን አትጨርሺም?» አልኳት።

«የእኔ ስም ከማኅተም ጋር አይስማማም» አለችኝና ብዕሯን ቀለም ውስጥ ነከረች።

ከዚያ በኋላ አላነሳነውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንጣላ የቆየነው ብዙ ነገር ስለማናነሳ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴና እኔ ቤት ውስጥ ስንከራከር ከረምን። በሁሉም ነገር እሱ ሲረታ፣ ናሆም የሚባል ሰው ሊፈልገኝ መጣ። ናሆም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ለገበሬዎችና ለሠራተኞች አጫጭር ሥልጠና የሚሰጥ አነስተኛ ማዕከል ይመራል። ንብ ማነብ፣ አትክልት፣ ቡና አጠባ፣ የመሳሰለውን።

«እማማ፣ የሰው ስም አጣርቶ የሚጽፍልኝ ነው ያጣሁት» አለኝ። «ኮምፒውተሩን አያስቡ፤ እሱ ሲምፕል ነው።»

በዕድሜዬ እንደታዘብኩት፣ «ሲምፕል ነው» የሚባል ነገር ሁሉ ለሚናገረው ነው ሲምፕል። ለሚሰማው ገና ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የወረቀት ሰርተፍኬት ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ባል ሲቆጣ ይቀደዋል። ስለዚህ ማዕከሉ ሰርተፍኬቱን በስልክ መስጠት ጀምሯል። ከሥሩ ነጥብ ነጥብ ያለባት ካሬ አለች፤ ቀጣሪው ስልኩን ሲደቅንባት የሠልጣኙ ስም፣ የተማረው ነገርና ቀኑ ይወጣል። ለየሥልጠናው አዲስ ከመሥራት ደግሞ አንድ ቅርጽ አንዴ ይሠራል። ጠርዙ፣ ርእሱ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ቋሚ ሆነው የስሙ፣ የሥልጠናውና የቀኑ ቦታ ተለዋዋጭ ነው። ከዚያ በየጊዜው የስም ዝርዝሩን መጨመር ብቻ ነው። ይህ ቅርጽ ቴምፕሌት ይባላል።

«ስቴንስል ነዋ» አልኩት።

«ስቴንስል ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ በጽሕፈት መኪና ፊደሉን ትበሳዋለህ፣ ማባዣው ላይ ትጠቀልለዋለህ፣ ታሽከረክራለህ። ፊደል ከተሳሳትክ ቀይ ፈሳሽ ትቀባና እስኪደርቅ እፍ ትልበታለህ። ሳታየው ካለፍክ ግን ሦስት መቶ ተማሪ ሦስት መቶ ጊዜ የተሳሳተ ፈተና ይወስዳል። በስቴንስል ላይ ትንሽ ስህተት የሚባል የለም።

ናሆም ሳቀ። እሱ ዘንድ ስህተት በአንድ ነካ ይጠፋል። ገና ወጣት ነው።

ቴምፕሌቱን ለመሥራት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። እሱ ጠርዙ ላይ የቡና ቅርንጫፍ ይሁን አለ፤ እኔ ቀጥ ያለ መስመር ይበቃል አልኩ። ቅርንጫፉን አደረግን፤ ደሞዝ ከፋዩ እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ማሽኑ የስሙን ቦታ ባዶ አድርጌ ላስቀምጥ ብል እምቢ አለኝ። የናሙና ስም ይፈልጋል።

«የማንንም ይጻፉ» አለ ናሆም።

የማንንም መጻፍ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከቀድሞ አለቃዬ የወረስኳቸው ሁለት ደንቦች አሉኝ። አንደኛው፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም የእሱ ባልሆነ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ አንድ ቀን መጥቶ የእኔ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ያልተጣራ ስም አይጻፍም፤ እስኪጣራ ቦታው ክፍት ይተዋል። በእነዚህ ሁለት ደንቦች ሠላሳ ዓመት ሳልከሰስ ኖሬያለሁ።

«አበበ በሶ በላ ይበሉዋ» አለኝ።

«አበበም በሕይወት ሊኖር ይችላል።»

«እንግዲያው የራስዎን።»

«እኔም ለጊዜው አለሁ።»

ጣቴ ሄዶ «ብርቄ ጅግሶ ሮባ» ብሎ ጻፈ። የራሱን ሐሳብ እንደፈጸመ ነው የምቆጥረው። ስሙ ከጠርዙ ጋር በደንብ ገጠመ። ከሥሩ ማኅተሙ አለ፤ ምንም አለመስማማት አላየሁም። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። መነጽሩ ቆሽሾ ነበር።

በዚያ ቴምፕሌት የንብ አነቢዎቹን ሰጠን፣ የአትክልቶቹን ሰጠን፤ አንድም ችግር የለም። ለተመራቂው በስልኩ መልእክት ይሄዳል፣ ለእኔ ደግሞ ግልባጭ ይደርሰኛል። ግልባጭ የሚለውን ቃል እዚያ ውስጥ ሳገኘው የድሮ ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ሆንኩ። እንዲያውም ጠገብኩ። ዕድርተኞቼ ስለ ስኳራቸውና ስለ ደም ግፊታቸው ሲያወሩ እኔ ስለ ቴምፕሌት አወራ ጀመር። ሰው ሲጠግብ መውደቂያውን ራሱ ይጠርጋል።

ከዚያ የቡና አጠባው ሥልጠና መጣ። ሠላሳ አንድ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ከገደብ ወረዳ ናቸው። ከእነሱ መካከል ከባንኮ ጎቲቲ የመጣች ማርታ የምትባል ነበረች። ለአሥር የቡና ወቅት ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸ ፍሬ ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ሥልጠናው ላይ ለምን እንደመጣች ስትጠየቅ ሌሎቹ እውቀት፣ ልማት ሲሉ እሷ፣ «ለወንበር» አለች። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የማድረቂያ አልጋዎቹ ተቆጣጣሪ ወንበር አለው፤ ተቀምጦ ይመዘግባል፣ ብድግ ብሎ ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ለዚያ ወንበር ደግሞ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ወገቧ ሌላ ወቅት እንደማይችል ሐኪም ነግሯታል። ሐኪሙ ባይነግራትም ስትነሳ ያየ ያውቃል።

ይህች ማርታ በመታወቂያዋ ታደለች ዋቆ ዱካሌ ናት። ማርታ በኋላ የመጣ ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም ሰፈሯም የሚጠራት በዚሁ ነው። ታደለች ብለው ሲጠሯት ዞራ አታይም። እንዲህ ሁለት ስም ያላቸው ስምንት ነበሩ። በየትኛው ይጻፍ? መጠየቅ አለባቸው። እስክጠይቃቸው በደንቤ መሠረት የስማቸውን ቦታ ክፍት ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ናሆም ለስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሰርተፍኬቱ ተልኳል ብሎ ሪፖርት ማድረግ ፈልጓል።

«ስምንት ስም አልተጣራም» አልኩት።

«ይላኩት እማማ፤ የቀረው በኋላ ይስተካከላል።»

ክፍት የተተወ ነገር ክፍት ሆኖ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። በስቴንስል ዘመን እንዲያ ነው፤ ባዶው ባዶ ሆኖ ይባዛል፣ በኋላ በብዕር ይሞላል። ስልክ ውስጥ ባለ ሰርተፍኬት ላይ በምን ብዕር እንደምሞላ አላሰብኩም። ነካሁት።

ግልባጮቹ መምጣት ጀመሩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጥንዚዛ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ እኔ በጣቴ እመልሰዋለሁ። ሃያ ሦስቱ ደኅና ናቸው። ከዚያ፣ «ውድ ብርቄ ጅግሶ ሮባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሥልጠናዎን በብቃት አጠናቀዋል» የሚል መጣ።

ስልኩን ገልብጬ በሆዱ አስተኛሁት። ተንቀጠቀጠ። ድጋሚ ተንቀጠቀጠ። ማሽኑ ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር ናሙናዋን እያነሳ ያስመርቃታል። ሁለት ጥሩ ደንቦች ተጋብተው ይህን ወለዱ። ስምንተኛው ሲመጣ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ልል ምንም አልቀረኝም። በስምንተኛዋ ምርቃት ጊዜ ብርቄ በጌዴኦ ዞን ስለ ቡና አጠባ ከማንም በላይ የተማረች ሴት ነበረች።

ለናሆም ደወልኩ። መኪና ውስጥ ነው።

«ኢሹ የለም እማማ፤ ላፕቶፑ ላይ ገብተው ኤዲት ማድረግ ነው።»

ላፕቶፑን ስከፍት መብራት ሄደ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው አሉ፤ መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የጉልበቴ እኩያ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ተቀመጠ።

በዚህ መሀል ማርታ ደወለች።

«እትዬ፣ ብርቄ ማን ናት?»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አለቃው ስልኩን በካሬዋ ላይ አደረገ። ብርቄ አለኝ። ማርታ ነኝ አልኩት። መታወቂያ አለኝ። መታወቂያ ታደለች ነው። ሦስት ሰው ሆነሽ ለአንድ ወንበር መጣሽ ወይ አለኝ።»

አለቃው አቶ ሽብሩ የሚባሉ የማጠቢያው ኃላፊ ናቸው። እሸት ቡና መግባት ስለጀመረ ተቆጣጣሪውን የሚመዘግቡት ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ለሚስታቸው ወንድም ለታምሩ ይሰጣል፤ እሱ ባለፈው ዓመት የሠለጠነበት ወረቀት አለው።

«ግን ምንም አይደለም እትዬ» አለች ማርታ። «ብርቄ ልሁን። ስም ምን ያደርጋል? እኔ የምቀመጥበት ነው የፈለግኩት።»

«አትሆኚም።»

«ሴትዮዋ ትቆጣለች?»

«አትቆጣም። ሞታለች።»

«እንግዲያው እሷም ወንበር አትፈልግም» አለች።

ስልኩን ለአቶ ሽብሩ አሰጥቼ ለመንኳቸው። «እርስዎን አላምንም ማለቴ አይደለም» አሉኝ። «ብቻ ያልተጣራ ስም መዝገቤ ላይ አልጽፍም። በድምፅ ደግሞ ሰርተፍኬት አይታይም።» ሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው የተናገርኩትን ቃል በቃል መለሱልኝ። ደንብ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ እንዲህ እንደሚያናድድ አላውቅም ነበር።

ማርታ ከጀርባ ጮኸች፤ «እኛ ጋ ጄኔሬተር አለ!»

ዓርብ ጠዋት ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጃንጥላ ይዤ ገደብ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጪጩ ላይ አንዲት ሴት ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔን አየች፣ የተጠቀለለውን አየች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ፎቶዋን ነው የያዙት?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እዚህ ለቅሶ የሚሄድ የሟችን ፎቶ በፍሬም ይዞ ይሄዳል፤ መጠኑም አቅፎ አያያዙም እንዲሁ ነው።

«ፎቶ አይደለም።»

«እሺ። ማን ነች?»

መዋሸት አልችልም። «ብርቄ» አልኩ።

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፈች?»

«ካቻምና።»

አሰበችበት። «ታዲያ አሁን ምን ሊደረግ ነው?»

«የተሰጣት ሰርተፍኬት ነበር። ላሰርዘው ነው።»

«የሟቿን?»

«የሟቿን።»

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሞቶም ማረፍ የለም ማለት ነው» አለች ለመስታወቱ። ይርጋ ጨፌ ስንደርስ ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ሰጡኝ። አንዲት እናት፣ «ቤተሰቦቿ ይግባኝ አይሉም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብርቱካኑን በላሁት፤ ጥያቄውን ግን እስከ ገደብ ድረስ መዋጥ አልቻልኩም። ብርቄ ቤተሰብ አልነበራትም። ቀብሯ ላይ «የሟች ቅርብ ማነው?» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እኔን ነበር፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ከገደብ ባንኮ ጎቲቲ በሞተር ነው። ነጂው እንደኔ ያለችዋን ሲያይ ሁለት ጊዜ አሰበ። ካፊያ ነበር፤ መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጃንጥላውን አንዴ ልዘረጋው ሞክሬ ወደ ኋላ ሊወስደን ስለነበር ነጂው፣ «እማማ፣ እኔ ፓይለት አይደለሁም» አለኝ። አጠፍኩት። ከእንሰቱ መሀል ወጥተን ማጠቢያው በር ላይ ስወርድ ከወገቤ በታች የማን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጭቃው ጫማዬን በልቶታል። ብርቄ ብታየኝ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።

ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነው።

ጄኔሬተሩ የሚነሳው ቡናው ተሰብስቦ መፈልፈያው ሲሠራ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ። አቶ ሽብሩ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ ያለ ሰዓቱ ጄኔሬተር ማስነሳት ደንብ አይደለም አሉኝ። ተያየን። ሁለት ደንብ አክባሪዎች ሲገናኙ ዓለም ትንሽ ትቆማለች።

«መፈልፈያውን መሞከር ግን ደንብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በወቅቱ መጀመሪያ ይሞከራል።»

አስነሱት። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ኔትወርክ ግን የለም። ማርታ ስልኳን ከፍ አድርጋ በግቢው ስትዞር ቆይታ ከማጠቢያው ገንዳ ማዶ ካለችው ጉብታ ላይ፣ «መጣች!» አለች። የኤሌክትሪክ ገመድ እስከዚያ አይደርስም። ባትሪው ትንሽ እስኪይዝ ጠብቀን ነቀልንና ወጣን።

መቀመጫ ስፈልግ ታምሩ፣ ማለትም ወንበሩን ሊወርስ የተሰለፈው የአቶ ሽብሩ ሚስት ወንድም፣ ሮጦ ሄዶ ወንበሩን ይዞ መጣ። ያንኑ ወንበር። የእንጨት ነው፤ አንድ እግሩ አጠር ይላል። አሮጊት ቆማ አያይም። ተቀመጥኩ። ካፊያው ላፕቶፑ ላይ መውረድ ጀመረ፤ ታምሩ ጃንጥላዬን ከእጄ ወስዶ ዘረጋልኝ። እኔ የምሠራው ሥራ ካለቀ እሱ ወንበሩን ያጣል፤ ዝናቡ ላፕቶፑን ካበላሸው ያገኘዋል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ከማድረቂያ አልጋው ዳር ቆመው የሚያዩን ለቃሚዎች ሁሉ ያውቃሉ። ይሉኝታ ግን እጁን ይዞታል። እሱ ግማሽ ትከሻው እየራሰ ጃንጥላውን ወደኔ ያዘነብላል።

«ተው፣ አንተም ጠጋ በል» አለችው ማርታ።

«ደኅና ነኝ።»

«ከራስክ ትታመማለህ።»

«ብታመም መቀመጫ የለኝም» አለ። ለቃሚዎቹ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ብዙም አይደለም።

ላፕቶፑን ከማርታ ስልክ ኔትወርክ ጋር አገናኝቼ ቴምፕሌቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ የተሳሳቱት ስምንቱ ካልተሻሩ ለእነዚያው ሴቶች ሌላ መስጠት አይቻልም ይላል። አንድ በአንድ መሻር አለባቸው፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት መመረጥ አለበት። ዝርዝሩ አጭር ነው። «ባለቤቱ መስፈርቱን ባለማሟላቱ»፣ «ጊዜው ያለፈበት»፣ «በስህተት የተሰጠ»፣ «ሌላ»።

የመጀመሪያውን አለፍኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አይቻታለሁ፤ ያላሟላችው የለም። ሁለተኛውንም አለፍኩት፤ እውነት ቢሆንም ሰው ላይ አይጻፍም። ሦስተኛው ትክክለኛው ነበር። በስህተት የተሰጠ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ደንቡ ያንን ምረጪ ይላል። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

«ምን ይላል እትዬ?» አለች ማርታ።

«ምክንያት ይላል።»

«ሞተች በይው።»

«እንደሱ የሚል የለውም።»

«ሰው በማይሞትበት አገር ነው የተሠራው» አለች።

«ሌላ» የሚለውን ነካሁ። መጻፊያ ቦታ ከፈተልኝ፤ «አርፋለች» ብዬ ጻፍኩ። ስምንት ጊዜ። በሻርኩ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ግልባጭ ነው። «ውድ ብርቄ ጅግሶ ሮባ፣ ሰርተፍኬትዎ መሻሩን በአክብሮት እናሳውቃለን።» ስምንተኛው ላይ ስልኩን አላወጣሁትም። ጎኔ ላይ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

አምስት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ከእንግዲህ የሚቀረው የእሷን ስም ከናሙናው ላይ ማንሳት ነው፤ ያ ካልሆነ ነገም የአንዲት ሴት ስም ክፍት በተተወ ቁጥር ብርቄ እየተነሳች ትመረቃለች። አጠፋሁት። ማሽኑ ባዶ አልቀበልም አለ። ባትሪው ቀላ።

«የእኔን ጻፊ» አለች ማርታ።

«በሕይወት ያለ ሰው ስም አይጻፍም።»

«ታዲያ የማን ይጻፍ? የሞተ አውቃለሁ፤ ብዙ። የእናቴን ላምጣልሽ?»

ታምሩ ጃንጥላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። አቶ ሽብሩ ሰዓታቸውን አዩ። በዕድሜዬ የማውቃቸውን ሙታን ሁሉ በሐሳቤ አሰለፍኩ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ማንን ላስነሳ? አንዷን አስነስቼ ያደረስኩባትን አየሁ። ሁሉም እንደተኙ ይቆዩ አልኩ።

የራሴን ስም ጻፍኩ። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ደንቡን አልጣስኩም፤ ቀደምኩት እንጂ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ቀጣዩ ጸሐፊ መቀየር አያስፈልገውም።

ከዚያ «ታደለች ዋቆ ዱካሌ» ብዬ ሞላሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መታወቂያዋን አስያዝኳትና ፊደል በፊደል አየሁ። ነካሁ። የማርታ ስልክ ሲጮኽና ላፕቶፑ ሲጠፋ አንድ ሆነ።

አቶ ሽብሩ ስልካቸውን ካሬዋ ላይ ደቀኑ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆየ። ሰው ሁሉ የእሳቸውን ከንፈር ነው የሚያየው። «ታ-ደ-ለች» አሉ፤ ቀሪውንም ዝም ብለው አነበቡ። መታወቂያውን አዩ። መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጻፉ፤ ጽፈውም ከላይ እስከ ታች አጣሩ።

ታምሩ ጃንጥላውን አጥፎ ውኃውን አራገፈና ሰጠኝ። «ወንበሩን ላድርስላት?» አለ። እኔ ስነሳ ወስዶ ከማድረቂያ አልጋዎቹ ራስ ላይ አስቀመጠው። አጭሩን እግር በድንጋይ ደገፈላት። ማርታ ዝግ ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ተቀመጠች። አሥር ወቅት ሙሉ ቀና ብላ ያላየችውን ግቢ ቀና ብላ አየችው።

ቀሪዎቹን ሰባት ሴቶች ዲላ ላይ መብራት ሲመጣ እየደወልኩ አጣራሁ። ማርታን ግን ለቃሚዎቹ እስከ ዛሬ ማርታም ታደለችም አይሏትም። ብርቄ ነው የሚሏት። አንዴ ስደውልላት ከጀርባ «ብርቄ! ሦስተኛው አልጋ ይገለበጥ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ገልብጪው» አለች። ስልኩን ትንሽ ያዝኩት፤ ሌላም ሰው ቢጠራት ብዬ።

ናሆም ከሐዋሳ ሲመለስ ቴምፕሌቱን ከፍቶ ቆየ።

«እማማ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም አይጻፍም ብለውኝ አልነበር?»

«እንዳይቀየር ብዬ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ስክሪኑን አየ። ሻይ ልዘዝልዎት ወይ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩ።

«አንድ ነገር ግን ሥራልኝ» አልኩት። «ምክንያት የሚለው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ጨምር። ባለቤቷ በማረፏ የሚል።»

«ለማን ነው?»

«ለሚቀጥለው ጸሐፊ። ሌላ የሚለውን መምረጥ ደስ አይልም።»

ፊቱን ሳያዞር ጻፈው። አንድም ፊደል አልሳተም። አጣርቼ አጸደቅኩት።